የአሮጌ ብር ኖቶች አለያየትና አገማመት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ ሰው ሲሞት ከሚተወው ንብረት መካከል ቤቱ በሽማግሌ ይገመታል፤ ወርቁ በሚዛን ይመዘናል። ጠገራ ብር ቢገኝም ብዙ አያከራክርም፤ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል እንደሚመዝን፣ ከዚህም ውስጥ 23.4 ግራም ገደማ ንጹሕ ብር እንደሆነ የታወቀ ስለሆነ ከዚያ በታች የሚያወርደው የለም። ከሣጥኑ ግርጌ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚገኘው የወረቀት ገንዘብ ግን ሚዛን የለውም። አንዱ ወራሽ «የጃንሆይ ብር ነው፤ ዛሬ በውጭ አገር ቤት ያሠራል» ይላል። ሌላው «ያለፈበት ወረቀት ነው» ብሎ ለሕፃናት መጫወቻ ይሰጠዋል። በመካከሉ ጉዳዩን በጥቂቱ የሚያውቅ ገዢ ይመጣና ሁለቱም ያላሰቡትን ዋጋ ጠርቶ ይወስደዋል። ያ ዋጋ የበዛ ይሁን ያነሰ፣ ከሻጮቹ ወገን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

የክርክሩ መነሻ አሮጌ የሆነ ሁሉ ውድ ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው። ዕድሜ ግን ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ሰብሳቢ ገንዘቡን የሚያወጣው ስለ ወረቀቱ በማስረጃ ለተረጋገጠው ነገር ነው፤ ማን እንዳወጣው፣ ማን እንደፈረመበት፣ ከወጣው ውስጥ ምን ያህሉ እንደተረፈ፣ አሁንም በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ። ስለሆነም መለየት ይቀድማል፤ መገመት ይከተላል። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ እንደሆነ፣ ግምቱ አፈሩ ሳይመረመር መሠረት እንደተጣለለት ሕንፃ ይሆናል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባት በፊት ስለ ዓመታት አቆጣጠር አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። በዚህ ንግግር ዓ.ም. የሚለው የኢትዮጵያን፣ እ.ኤ.አ. የሚለው የአውሮፓን አቆጣጠር ያመለክታል። ነገሩ ለአነጋገር ማማር ብቻ የተባለ አይደለም፤ ኖቶቹን ለመለየት ከሚያሳስቱት ነገሮች አንዱ ይኸው የዓመት ጉዳይ ነውና።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የተቋቋመውና የካቲት 9 ቀን 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ተመርቆ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ ነው። (እ.ኤ.አ. በ1996 ተቋቁሞ ዛሬ በዚሁ ስም የሚሠራው የግል ባንክ ስሙን ወሰደ እንጂ የዚያ ባንክ ወራሽ አይደለም፤ ሁለቱን እያምታቱ የሚናገሩ ሻጮች ስላሉ ነው ይህ የሚነገረው።) ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1915 ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 100 እና ባለ 500 ጠገራ ኖቶችን አወጣ። ባለ 50ው በ1929 ተጨመረ። እነዚህ ኖቶች በዘመናዊው አነጋገር ገንዘብ ከመባል ይልቅ የዕዳ ሰነድ ቢባሉ ይቀላል፤ ኖቱን ይዞ የቀረበ ሰው በምትኩ ጠገራ ብር የመቀበል መብት ነበረው። በከተማ ያለው ነጋዴ በኖቱ ይገለገል እንጂ የገጠሩ ሕዝብ የሚያምነው የሚያቃጭለውን ብር ነበር። ወረቀቱ ወደ ባንኩ በተመለሰ ቁጥርም ከእጅ ይወጣ ነበር። የአቢሲኒያ ባንክ ኖት ዛሬ በጣም ብርቅ የሆነበት ምክንያት በዕድሜው ሳይሆን በዚህ አሠራሩ ይገኛል።

ዛሬ በውጭ አገር ጨረታ ላይ የዚህ ባንክ ኖት ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ በገበያ የተዘዋወረው ሳይሆን አታሚው ለናሙና ያዘጋጀው ነው። ናሙናውን ለመለየት አያስቸግርም። ተከታታይ ቁጥሩ በዜሮ ብቻ የተሞላ ይሆናል፤ «ስፔሲመን» የሚል የፈረንጅ ቃል በላዩ ይታተምበታል፤ ብዙ ጊዜም በፊርማው አካባቢ በመሣሪያ የተበሳ ቀዳዳ አለው። ናሙና ኖት እንከን የሌለበት ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም፤ ማንም አልያዘውም፤ ማንም ጤፍ አልሸመተበትም። በእጅ የዞረውና ገበያ ውሎ የተረፈው፣ ጠርዙ የተበላው ኖት የተለየ ነገር ነው፤ ዋጋው በናሙናው ሊለካ አይገባም። እንግዲህ አንድ ወራሽ «እንደዚህ ያለው ኖት በእንትን አገር በዚህ ዋጋ ተሸጠ» የሚል ወሬ ሲሰማ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የተሸጠው ናሙና ነበር ወይስ በሥራ ላይ የዋለ ኖት ነበር ብሎ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1931 የአቢሲኒያ ባንክ ተዘግቶ በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ። የዚህ ባንክ ኖቶች ቀናቸው በግልጽ ታትሞባቸዋል፤ ከ5 እስከ 500 ያሉት ሜይ 1 ቀን 1932፣ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ ምስል በአንድነት የታተመበት ባለ 2 ጠገራው ደግሞ ጁን 1 ቀን 1933 እ.ኤ.አ. ይላሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው የፋሽስት ወረራ የባንኩንም የኖቶቹንም ዕድሜ አሳጠረው።

በወረራው ዘመን የጣሊያን ባንክ ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ የተለዩ የሊሬ ኖቶች አውጥቶ ነበር። በቀድሞ ሰዎች ቤት ከብር ኖቶች ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉ። ለዚህ ግዛት የወጡት ኖቶች ልዩ ምልክታቸው የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ተከታታይ መሆናቸውን የሚገልጸው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የሌለበት በሮም የተሠራበት ተራ ሊሬ ነው፤ የሁለቱ ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ከነፃነት በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሕጋዊ ገንዘብ ሆኖ ስለሠራበት በዚያው ሣጥን ውስጥ ሽልንግ ቢገኝ ሊያስገርም አይገባም።

በአገር ውስጥ በብዛት የሚገኘውና ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው ከሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ብር ነው። ቀኑ የንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በዚያን ጊዜ ያወጣቸው ኖቶች ባለ 1፣ ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 50፣ ባለ 100 እና ባለ 500 ሲሆኑ የታተሙት በአሜሪካ ነው። በአማርኛው «ብር» የተባለው በእንግሊዝኛው «ዶላር» ይባል ነበር፤ በዚህም የተነሣ «ዶላር የሚል ስለሆነ ልዩ ነው» እያሉ የሚያሻሽጡ ደላሎች አሉ። እስከ 1969 ዓ.ም. ለውጥ ድረስ የወጣው ኖት በሙሉ በእንግሊዝኛው ወገን ዶላር እንደሚል ያወቀ ሰው በዚህ አይታለልም።

የ1937ቱ ኖቶች የወጡበትን ዓመት አይናገሩም። ዘመናቸውን የሚናገረው ፊርማው ነው። በመጀመሪያ የፈረመው አሜሪካዊው የባንኩ ገዥ ጆርጅ ብላወርስ ነው፤ ቀጥሎ ጃክ ቤኔት፣ ከዚያም ዋልተር ሮዜል ፈርመዋል። ባለ አንድ ብሩ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ገበሬ ሥዕል አንድ ነው፤ ቀለሙ አንድ ነው፤ በሩቁ ሲታይ ሦስቱ ኖቶች አንድ ናቸው። ለሰብሳቢ ግን ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ ዋጋቸውም አንድ አይደለም። ሦስቱን በአንድ ጥቅል አስሮ በአንድ ዋጋ የሸጠ ሰው ከሦስቱ በአንደኛው ላይ ሳይከስር አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1961 መንግሥት ባንክ አዲስ ሥዕል ያለባቸውን ኖቶች ሲያወጣ ባለ 20 ብር ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ1966 ኖት የማውጣቱን ሥራ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሲረከብ ባለ 20ውም ባለ 500ውም ቀሩ። ይህን የማይረሳ ሰው በእጁ ጥሩ መፈተኛ ይዟል። የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለበትና «የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ» የሚል የ500 ብር ኖት ይዞ የመጣ ሻጭ ቢኖር አጉሊ መነጽር ማውጣት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለ ኖት አልነበረም። በአንጻሩ ባለ 20 ብር ኖት ያየ ሰው ያለ ሌላ ምርመራ የ1961 እ.ኤ.አ. ተከታታይ መሆኑን ሊናገር ይችላል። የ1966ቱ ተከታታይ በተለይ ለመሐንዲስ ዓይን የሚጥም ነው፤ በባለ 1 ብሩ የምጽዋ ወደብ፣ በባለ 5ቱ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በባለ 50ው እ.ኤ.አ. በ1960 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ይታያሉ። ይሁንና ያማረ ሥዕል ብርቅ ኖት ማለት አይደለም። የዚህ ተከታታይ ባለ 1 ብር እንደ ልብ ከሚገኙት አሮጌ የኢትዮጵያ ኖቶች አንዱ ነው።

እንደ ልብ የሚገኝበትም ምክንያት አለው። ጥቅምት 4 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ገንዘቡን ሲለውጥ አሮጌው ኖት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲመለስ ታወጀ። የፈራ፣ የዘገየ፣ ወይም ነገሩ ይገለበጣል ብሎ ተስፋ ያደረገ ሰው ብሩን በየቤቱ አስቀረው። ያ ሁሉ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ወረቀት ሆነ። በዚያ ዘመን የብዙ ቤተ ሰብ ጥሪት እንደ ጉም በንኖ ስለ ቀረ፣ ዛሬ ልጆቹ ከሣጥን አውጥተው «ይህስ ስንት ያወጣል» ብለው ሲጠይቁ ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አይደለም። መልስ የሚሰጠው ሰው ይህን እያሰበ ቢናገር መልካም ነው፤ እውነቱን ግን አያስቀርባቸው።

የ1969ኙ ኖቶች ሌላ ወጥመድ ይዘው መጡ። በኖቶቹ ላይ የሚነበበው 1969 ዓመተ ምሕረት ሕጉ የወጣበትን ጊዜ እንጂ ያ ወረቀት ከማተሚያ ቤት የወጣበትን ጊዜ አያመለክትም። በዚያው ዓመት ስም የተለያዩ ገዥዎች ፊርማ ያለባቸው ኖቶች ወጥተዋል። እንግዲህ እዚህም መመልከት የሚገባው ፊርማውን ነው። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡት ላይ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር ስለ ተጻፈ ይህ ችግር ቀርቷል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ኖቶች ሲለወጡና ባለ 200ው ሲጨመር ደግሞ የትናንቱ ኖት የዛሬ ሰብሳቢ ዕቃ ሆነ። ከእነዚህ ውስጥ ያልታጠፈውን አንዳንድ ማስቀመጥ ብልኅነት ነው፤ በማዳበሪያ ሙሉ ማስቀመጥ ግን ትርፉ ቦታ ማጣበብ ብቻ ይሆናል።

ኖቱ ከየትኛው ተከታታይ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ እውነተኛነቱ ይመረመራል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በየመሐንዲሱ መሳቢያ የሚገኝ ነው፤ በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ጥሩ መብራት። ወርዱና ቁመቱ ይለካል፤ የተበላ ጠርዙ በመቀስ የተስተካከለ ኖት ከጓደኞቹ አንሶ ይገኛልና። በጥልቅ ቅርጽ የታተመ ኖት ቀለሙ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል፤ በመነጽር ሲታይም መስመሮቹ ያልተቋረጡ ናቸው። በኮምፒዩተር ማተሚያ የተቀዳ ከሆነ መስመር የመሰለው ሁሉ ወደ ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣብ ይበተናል። ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም።

ባንክ ቤቶች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት የአልትራቫዮሌት መብራትም ለአሮጌ ኖት ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል፤ አጠቃቀሙ ግን ይለያል። ወረቀትና ልብስ ነጭ መስለው እንዲታዩ የሚያደርገው ኬሚካል በወረቀትና በሳሙና ፋብሪካዎች የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስለዚህ የ1915 ወይም የ1932 እ.ኤ.አ. ነው የተባለ ወረቀት በዚህ መብራት ሥር ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ቢያበራ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ወረቀቱ ከዘመኑ አይደለም፤ ወይ አንድ ሰው ይጸዳል ብሎ በኦሞ አጥቦታል። ያላበራ እንደሆነ ግን እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ አስመሳዩ አሮጌ ወረቀት ፈልጎ ሊያትም ይችላል። ፈተናው ይጥላል እንጂ አያሳልፍም።

የኦሞው ነገር ከተነሣ አይቀር በቅን ልቡና ስለሚፈጸመው ጥፋት መናገር ይገባል። ከሐሰተኛ ይልቅ ብዙ ኖት ያጠፋው ይህ ነው። አሮጌ ኖት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማሳመር ነው። ያጥበዋል፤ በካውያ ይተኩሰዋል፤ የተቀደደውን በፕላስተር ይለጥፋል፤ በመጨረሻም እንደ መታወቂያ ወረቀት በላስቲክ ያስለብጠዋል። መታጠብ ከላይ እንደተባለው ምስክርነቱን ያበላሻል፤ የወረቀቱንም ጥንካሬ ይወስዳል። ካውያ ደግሞ እጥፋቱን የሚደብቅ ይመስላል እንጂ አይደብቅም፤ ወረቀቱ ወደ ብርሃን ዘንበል ተደርጎ ሲታይ የተሰበረው ጭረት እንዳለ ነው። የጠፋው ሌላ ነው፤ በጣት ይዳሰስ የነበረው የቅርጽ ሻካራነት ተጨፍልቆ ይቀራል። ስለዚህ ካውያ ያለፈበት እውነተኛ ኖት ሐሰተኛ ይመስላል። የላስቲኩ ከሁሉ ይከፋል፤ ሙጫው ከቀለሙ ጋር ስለሚጣበቅ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም። የቆሸሸ ኖት እንደቆሸሸ ይቀመጥ። ማስቀመጫውም በስቴሽነሪ ሱቅ የሚሸጠው ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ባይሆን ይሻላል፤ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጊዜ ብዛት ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል። ለዚህ ሥራ የታወቀው ደረቁና ጥርት ያለው የፖሊስተር ኪስ ነው። እርሱ ካልተገኘ አሲድ የሌለበት ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይበቃል።

የኖቱ ሁኔታ ዋጋውን ምን ያህል እንደሚለውጠው ለአዲስ ሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ከማተሚያ እንደወጣ ያለና አንድ ጊዜ ከመካከሉ የታጠፈ ኖት ለተራ ተመልካች አንድ ናቸው። በብዛት በሚገኝ ኖት ላይ ግን ያቺ አንዲት እጥፋት የዋጋውን ግማሽ ይዛ ልትሄድ ትችላለች። በእጅጉ ብርቅ በሆነው ላይ የእጥፋት ነገር እምብዛም አያሳስብም፤ ሌላ ምርጫ የሌለው ሰብሳቢ የተገኘውን ይወስዳልና። በውጭ አገር ኖት መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ እስከ 70 በሚደርስ ነጥብ ይመዝኑና ኖቱን በታሸገ ኪስ ይመልሱታል። ነጥቡ ለገዢና ለሻጭ የጋራ ቋንቋ ነው፤ ክፍያው ግን ርካሽ ስላይደለ በብዛት የሚገኝን ኖት ወደዚያ መላክ ከኖቱ የሚበልጥ ወጪ ማውጣት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። ሰብሳቢዎች በዓለም ዙሪያ የሚግባቡት ጀርመናዊው አልበርት ፒክ በጀመረው መዝገብ ቁጥር ነው። በዚህ መዝገብ የአቢሲኒያ ባንክ ኖቶች ከ1 እስከ 5፣ የኢትዮጵያ ባንክ ከ6 እስከ 11፣ የመንግሥት ባንክ ከ12 እስከ 24፣ የ1966ቱ የብሔራዊ ባንክ ኖቶች ከ25 እስከ 29፣ የ1969 ዓ.ም. ኖቶች ከ30 እስከ 34 ያለውን ቁጥር ይዘዋል። ከቁጥሩ አጠገብ የምትጻፈው ትንሽ ፊደል የፊርማውን ልዩነት ታመለክታለች፤ ብዙ ሰው ቁጥሩን አንብቦ ፊደሏን ይዘልላል። በመዝገብ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ነጋዴ ለሰብሳቢ ይሸጥበታል ተብሎ የተገመተ ነው። ወራሽ ለነጋዴ የሚሸጥበት ዋጋ አይደለም። በሻጭ የተጠራ ዋጋም ምኞት ነው፤ ማንም በዚያ ዋጋ እስካልገዛው ድረስ ከቁጥር አይገባም። የሚታመነው ተመሳሳይ ኖት፣ በተመሳሳይ ፊርማና ሁኔታ፣ በቅርብ ጊዜ በጨረታ የተሸጠበት ነው፤ እርሱም አንድ ሽያጭ ሳይሆን ብዙ ሽያጭ ተደርድሮ ሲታይ።

የጨረታውም ቁጥር ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ለምሳሌ ያህል መዶሻው በ1,000 ቢወድቅና ቤቱ ከገዢው 20 በመቶ፣ ከሻጩ 15 በመቶ ቢወስድ ገዢው 1,200 ይከፍላል፤ ሻጩ 850 ይቀበላል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ኖት ላይ፣ ሦስት እውነተኛ ዋጋዎች ተገኙ ማለት ነው። ጋዜጣ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ነው። በዚህ ላይ ገበያው ጠባብ ነው፤ የኢትዮጵያን ኖት የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ አይደሉም። ሁለት ተፎካካሪ ሰብሳቢዎች የተገናኙበት ጨረታ ዋጋውን ሰማይ ሲያደርሰው፣ አንድ ያልተፈታ ጥቅል ከአንድ ቤት ወጥቶ ገበያ ሲገባ ያው ኖት ይወድቃል።

እንዲህ ያለ ጥቅል ያገኘ ቤተ ሰብ ከመሸጡም ከመከፋፈሉም በፊት በዝርዝር ቢመዘግበው ይጠቅማል። የባንኩ ስም፣ የብሩ መጠን፣ ፊርማው፣ ተከታታይ ቁጥሩ፣ ልኩ፣ የት እንደተገኘና የማን እንደነበረ ይጻፍ፤ የፊቱና የጀርባው ፎቶግራፍ ይነሣ። ተከታታይ ቁጥራቸው የተያያዘ ኖቶች ካሉ አይለያዩ፤ አብረው መገኘታቸው ራሱ ማስረጃ ነው። ገዢው በውጭ አገር የሆነ እንደሆነ ኖቱ በፖስታ ከመላኩ ወይም በሻንጣ ከመያዙ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ በእጅ ያለው ወረቀት በዚህ የሚጠቃለል መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ባለሥልጣኑ እንጂ ሻጩ ወይም ገዢው አይደለም።